ስለ ቤት ውስጥ የፊልም ግምጃ ቤት

ሰው ለቤቱ ዕቃ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ ይጠይቃል እንጂ፥ በዕቃው ውስጥ የሚያኖረው ነገር ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ አይመረምርም። እኔም በፍርድ ቤት መዝገብ ጽፌ የማስቀምጥ ሰው ስሆን ይህንኑ ስሕተት ስለ ሠራሁ፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ምክር ይሆን ዘንድ ልጽፈው ወደድሁ።

በቤታችን ያሉት ፊልሞች ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ተከማችተው ነበር። ከነዚህም መካከል ልጆቼ የሚወዷቸው የሲኒማ ሥዕሎች፥ የበኵር ልጄ ክርስትና የተነሣበት፥ ያረፉት እናቴም ተቀምጠው ሲመርቁን የሚታዩበት ፊልም ነበሩ። አንድ ማታ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ፤ በማግሥቱም አልከፈት አለ። የሲኒማው ሥዕል ተመልሶ ይገዛል፤ የእናቴ ምርቃት ግን በምን ገንዘብ ይገዛል? ለባለጉዳይ ሁሉ «ግልባጩን አስቀምጥ» ስል የምውለው ሰው፥ በገዛ ቤቴ አንድ ግልባጭ አልነበረኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ መመርመር የጀመርሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ሃርድ ዲስኮችን ይዞ በገመድ ከራውተሩ ጋራ የሚጋጠም ሣጥን አለ። ቴሌቪዥኑም ስልኩም በዚያ ያለውን ፊልም ከያሉበት ያሳያሉ። ሥዕሉ የሚመላለሰው በቤት ውስጥ ስለ ሆነ የኢንተርኔት ሒሳብ አይጨምርም። ሳይኖሎጂና ኪውናፕ የሚባሉት ድርጅቶች የተዘጋጀውን ይሸጣሉ። ነገር ግን ባለቤቴ ዋጋውን በሰማች ጊዜ፥ «ከልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ልትቀንስ ነውን?» አለችኝ። ጥያቄዋ እውነት ስለ ነበረ ሦስት ነገር መረመርሁ።

መጀመሪያው ስፋቱ ነው። አንድ ፊልም 5 ጊጋባይት ቢይዝ፥ 4 ቴራባይት ያለው ዲስክ 800 ያህል ይይዛል። የኛ ግን መቶ እንኳ አይሞላምና ለትልቁ ዲስክ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያው ኃይል ነው። ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ዓይነት ራሱ ማንበብ ከቻለ፥ ሣጥኑ ከማቀበል በቀር ሥራ የለውም። ካልቻለ ግን ሣጥኑ እየለወጠ መላክ አለበትና ብርቱ መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ፊልሙን አስቀድሞ ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ዓይነት ማዘጋጀት ወጪን ያቀላል። ጄሊፊን የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፥ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ሁለት ዲስኮች በአንድ ሣጥን ገብተው አንዱ የሌላውን መልክ እንዲይዝ ይደረጋል። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይተርፋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ በስሕተት የደመሰሰው ፊልም በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል፤ ሌባም ሣጥኑን ሲወስድ ሁለቱን ይወስዳል። ስለዚህ ይህ መንትያ ነው እንጂ ግልባጭ አይደለም።

ይህንን ለባለቤቴ ባስረዳኋት ጊዜ፥ «እንግዲያው አንዱ ዲስክ በእኅትህ ቤት ይቀመጥ» አለች። እንዲሁም አደረግን። ልጆቹ የተዉትን ኮምፒዩተር አስጠርገን፥ ሁለት መካከለኛ ዲስኮች ብቻ ገዛን። አንዱ በቤታችን ይሠራል፤ ሁለተኛውን በየወሩ አምጥተን አዲሱን ገልብጠንበት እንመልሳለን።

ዲስኩን ለእኅቴ ባደረስሁ ቀን ነገሩን ብነግራት፥ ስልኳን አውጥታ እናታችን ሲመርቁ የሁለት ደቂቃ ፊልም አሳየችኝ። ያንኑ ቀን እርስዋም ከጎናቸው ተቀምጣ አንሥታው ኖሯል። በአዲሱ ግምጃ ቤታችን መጀመሪያ የገባው ይኸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሣጥኑ ርካሽ ቢሆን አያሳፍርም። ገንዘብህ ጥቂት ከሆነ ከሣጥኑ ቀንሰህ ለሁለተኛው ዲስክ አውለው፤ እርሱንም ከቤትህ ውጭ አኑረው።