ከጎን የማይታይ ስክሪን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላፕቶፕ ስክሪን ነው። ታገሡኝ።

የምሠራበት ጠረጴዛ መስኮቱን ከጀርባዬ ያደርገዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ስክሪኑ ላይ የማየው የማዘጋጀውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሳይሆን የራሴን ፊት ነበር። ዓይኔን እያጠበብኩ ስሠራ ራስ ምታቱ ጸናብኝ። በቤት ኅብረታችንም ለዓይኔ አስጸልዬ ነበር። በመጨረሻ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄድኩ።

ሻጩ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ፊትህ ጥርት ብሎ ከታየ ስክሪኑ አንጸባራቂ ነው፤ ከደበዘዘ ግን ሲሠራም ማት ስለሆነ ሽፋኑ ብዙ አይጨምርልህም አለኝ። የእኔ መስተዋት ነው። ቀጥሎ በማስመሪያ ለካው። 15.6 ኢንች የሚባለው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ፍሬሙን ሳይጨምር ነው፤ የእኔው ወርዱ 34.5፣ ቁመቱ 19.4 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ኢንቹ አንድ ሆኖ ቅርጹ የሚለያይ ስላለ፣ ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ማቱ ሽፋን ገጹ በዓይን የማይለይ ሻካራ ነው። ብርሃኑን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል። በዚያው ልክ ፊደሉን ጥቂት ያደበዝዛል፤ ነጩም ገጽ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ሳይለጠፍ በፊት በደቃቅ ጽሑፍ ላይ አስደግፎ ማየት ይሻላል። ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ ለነጸብራቅ ብላችሁ አትግዙት።

«ይኼኛውም አለ» አለና ጠቆር ያለ ሽፋን አወጣ። ውስጡ እንደ መስኮት መጋረጃ ዘንጎች የተደረደሩ ደቃቅ መስመሮች አሉት፤ ከፊት ለፊት ብቻ ያሳያል። «አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ምንም አያይም።»

ልቤ ዘለለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰባት ወር ሙሉ በዚያው ላፕቶፕ የስፖርት ውርርድ እጫወት ነበር። ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትመጣ ገጹን እቀይራለሁ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው 18,000 ብር ሄዷል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጥናት አስጠናለሁ።

«ስንት ነው?» አልኩት፤ ብሩን አውጥቻለሁ።

«ቢሮ ነው የምትሠራው?»

«አይ፣ ቤት።»

«ቤትማ ከማን ትደብቃለህ!» ብሎ ሳቀ። ልጁ ገንዘቤን ሊያተርፍልኝ ነው እንጂ ስለ እኔ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። (ባንክ ወይም ሆስፒታል የሰው መረጃ ይዞ ለሚሠራ ያ ሽፋን ተገቢ ነው፤ ሽፋኑን አልነቅፍም።)

ማቱን ገዝቼ ወጣሁ። ማታ ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ይዛልኝ፣ እኔ በካርድ አየሩን እየገፋሁ ለጠፍነው። ከታች ጥግ ላይ አንዲት አቧራ ገብታ አረፋ ሠርታለች።

«በይ ቁጭ በይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አልኳት። ገጹን ራሴ ከፈትኩት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ያን ሌሊት አልጸለይንም፤ ሁለታችንም አልቻልንም።

በማግስቱ ጠረጴዛውን እሷ አዞረችው። አሁን መስኮቱ በጎኔ ነው፣ ስክሪኑም ወደ በሩ ይታያል። ነጸብራቁ አብዛኛው የጠፋው በዚህ ነው፤ ሽፋኑን ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝም ይህንኑ ነበር። ከጎደለው ብር እስካሁን 6,000 መልሰናል። አረፋዋ እንዳለች ናት።