ለቀዘቀዘ ጉበት የሚሰጥ ትንፋሽ

ከለጋሽ አካል የወጣ ጉበት ለጥቂት ሰዓታት የማንም ሳይሆን ይቆያል። የሰጠው ሰው ሕይወቱ አልፏል፤ የሚቀበለው ገና አልደረሰበትም። ለብዙ አሥርት ዓመታት በእነዚህ ሰዓታት የሐኪሞች ዋና ረዳት በረዶ ነበር። ጉበቱ በመጠበቂያ ፈሳሽ ታጥቦ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው የሕዋሳትን የኃይል ፍላጎት እጅግ ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅን ሲቋረጥ የሕዋሱ የኃይል ክምችት ይሟጠጣል፤ ኃይል በሚመነጭበት ማይቶኮንድሪያ ውስጥም ሰክሲኔት የተባለ ውህድ ይጠራቀማል። ጉበቱ ተተክሎ ሞቃት ደም በድንገት ሲገባበት ይህ ክምችት በፍጥነት ይቃጠላል፤ ሕዋስን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ የኦክስጅን ሞለኪውሎችም ይፈልቃሉ። በመታጣቱ የጎዳው ኦክስጅን በመመለሱም ይጎዳል ማለት ነው። በተለይ ልባቸው መምታት ካቆመ በኋላ ከለገሱ ሰዎች የተገኘ ጉበት ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ታካሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ እንኳ የሐሞት ቱቦዎቹ ሊጠብቡ ይችላሉ፤ አንዳንዱም ሁለተኛ ጉበት ለመጠበቅ ይገደዳል።

ስለዚህ ጥያቄው ኦክስጅን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ብቻ አይደለም፤ መቼና በምን ሙቀት ይሰጥ የሚልም ነው።

አንደኛው መልስ ጉበቱን በ37 ዲግሪ በመሣሪያ ላይ ማሠራት ነው። በዚህ ሙቀት ፍላጎቱ ከፍተኛ ስለሆነ ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። በ2018 ይፋ የሆነው፣ 220 ንቅለ ተከላዎችን ያካተተው የአውሮፓ ጥናት ሳይተከሉ የሚጣሉ ጉበቶች ቁጥር በዚህ ዘዴ በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ቀላል ነው። በ10 ዲግሪ ገደማ የጉበቱ ፍላጎት ትንሽ ነው፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽም ከሞቃት ፈሳሽ የበለጠ ኦክስጅን ያሟሟል። በመሆኑም ያለ ደም፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ብቻ ይበቃል። ማይቶኮንድሪያው የተጠራቀመውን ሰክሲኔት በዝግታ ያቃጥላል፤ ሞቃት ደም ከመድረሱ አስቀድሞም የኃይል ክምችቱን ይተካል። በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ተመራማሪዎች የመሩትና በ2021 የታተመው ጥናት ይህን በ156 ታካሚዎች ፈትኗል። ጉበቱ በደም ቅዳውም በፖርታል ደም መልሱም በኩል ለ2 ሰዓታት ኦክስጅን ባገኘበት ቡድን፣ ምልክት ያሳየ የሐሞት ቱቦ መጥበብ የደረሰው በ6 በመቶው ላይ ነበር፤ በበረዶ ብቻ በተቀመጠው ቡድን ግን በ18 በመቶው ላይ ደረሰ።

በረዶ ያስተማረው ማቆየት ማለት ማቆም ነው የሚለውን ነበር። የእነዚህ ሁለት ሰዓታት ትምህርት ከዚህ ይለያል፦ የሚቆይ አካል የሚኖር አካል ነው፤ ትንፋሹም በልክ ሊሰጠው ይገባል። 6 በመቶው ግን አሁንም አለ። በለጋሹ አካል ውስጥ ደም ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፉትን ደቂቃዎች የትኛውም መሣሪያ አይመልሳቸውም።