ስፋት ብቻውን አገር አይሆንም

በተማሪዎች መኝታ ቤት ማታ ማታ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «ስካይሪም» ስለሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ግማሹ ተማሪ «ዕድሜ የሚበላ አውሬ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ከእርሱ የማይማር የለም» ይላል። እኔ ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር የዞርሁበት ስለ ሆንሁ፣ ለሁለቱም ወገን ሳላደላ የታየኝን ልናገር።

ጨዋታውን የሠራው ቤቴስዳ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ በረዶ በሸፈነው ደጋ አገር እስረኛ ሆኖ ይጀምርና፣ ቈይቶ የዘንዶ ነፍስ ያለው ሰው መሆኑን ይረዳል። ዓለምን ሊውጥ የተነሣውን አልዱዊን የሚባል ዘንዶ መግጠም ዕጣው ነው።

አስቀድሜ መልካሙን ላንሣ። በዚያ አገር ከሩቅ የሚታይ ተራራ እንዲያው የግድግዳ ሥዕል አይደለም፤ ከተነሡ ይደረስበታል። ከደባርቅ አልፎ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ የቆመ፣ ዐይኑ ያየውን ሁሉ እግሩ እንዲደርስበት የተመኘ ሰው ይህ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሰው የሚያድገው በሚሠራው ሥራ ነው፤ ሰይፍ የመዘዘ በሰይፍ፣ ብረት የቀጠቀጠ በብረት ሥራ ይሠለጥናል። ሦስተኛም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊነበቡ የሚችሉ በመቶ የሚቈጠሩ መጻሕፍት በውስጡ አሉ። የእንግሊዝኛ ንባቤ በእነርሱ ምክንያት ተሻሽሏል ብል አላጋነንሁም።

የጎንደርን ልጅ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በዚያ አገር ትልቁ መሣሪያ ቃል መሆኑ ነው። ሰባት ሺህ ደረጃ ተወጥቶ በሚደረስበት ተራራ ላይ የሚኖሩ መነኮሳት፣ የዘንዶን ቃል ኀይል ለመማር ብዙ ዓመት በዝምታ ይደክማሉ። አቋቋም ሊማር ከሩቅ አገር ወደ ጎንደር የሚመጣውን፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት የሚቈጥረውን የቆሎ ተማሪ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መነኮሳቱ በዓመታት የሚያገኙትን ተጫዋቹ የገደለውን ዘንዶ ነፍስ ወስዶ በቅጽበት ይጨብጠዋል። ለምን ቢባል፣ ያ ሰፊ አገር በሙሉ የተሠራው ለአንድ ሰው ነውና። ዘበኞቹ ጉልበታቸውን ስለ መታው ፍላጻ ዛሬም ነገም ያንኑ ያወራሉ። ጀብዱዬን ቢያነሡልኝም የሚናገሩት አስቀድሞ የተጻፈላቸውን ነው። ብሞት እንኳ ካስቀመጥሁት ቦታ ተነሥቼ እቀጥላለሁ።

አንድ የደባርቅ ልጅ ጓደኛችን ከጀርባዬ ቆሞ ሲመለከት ቈየና፣ «ለመሆኑ ዘንዶው የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እየጠበቀኝ ነው» አልሁት።

«አንተስ ምን እየሠራህ ነው?»

«ጎመን እየለቀምሁ።»

«የእኛ አገር ውርጭ እንኳ ሰው አይጠብቅም! ይህ ደግሞ ምን ዐይነት ዘንዶ ነው?» ብሎ ሣቀ።

እኔም ሣቅሁ፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። አባቴ በዳባት ገብስ አራሽ ነው። እህሉ ከደረሰ በኋላ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ አባቴ እስኪዘጋጅ አይቈይለትም። ስለዚህ ጎረቤቶቹን በወንፈል ይጠራል፤ እነርሱም ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ነገ ደግሞ እርሱ በተራው ወደ እነርሱ ማሳ ይወርዳል። እንደ እኔ አስተያየት ወንፈልን የወለደው ይኸው የዝናብ አለመጠበቅ ነው። ዝናቡ ሰውን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ አባቴ ብቻውን በዝግታ ባጨደ፣ ጎረቤቱንም ባላስፈለገው ነበር። በጨዋታው ውስጥ ያጣሁት ይህን ነው። ሁሉ ነገር ስለሚጠብቀኝ ማንንም አጥብቄ አልፈልግም፤ እኔም ለማንም የግድ አላስፈልግም። አጃቢ ተሰጥቶኝ ዕቃዬን ይሸከማል፤ የእኔን ሸክም እንጂ የራሱን ማሳ አያውቅም።

እንግዲህ «ጨዋታውን ተዉት» ብዬ የምሰብክ አይደለሁም። ከትምህርት በተረፈው ጊዜ የሚጫወት ይጫወት፤ ተራራውን ይውጣ፣ መጻሕፍቱንም ያንብብ። ነገር ግን ዓለም እስክንዘጋጅ ቆሞ ይጠብቀናል የሚለውን ልማድ ከዚያ ይዘን እንዳንወጣ እንጠንቀቅ። ተመርቀን የምንሄድበት አገር እንደዚያ አይደለም።

በመካከላችን የኮምፒውተር ትምህርት የምትማሩ፣ አንድ ቀንም የእኛን ደጋ በጨዋታ እንሠራለን የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች አላችሁ። ግንቡንም፣ ጭላዳውንም፣ ገደሉንም አሳምራችሁ እንደምትሠሩት አልጠራጠርም። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ወንፈል ተጠርቼ ብዘገይ፣ ዝናቡ አይጠብቀኝ፤ ገብሱም ይበስብስ።