ባትሪው ወይስ ሽቦው?

የሰፈራችን ፒክአፕ ከኋላው ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ጭኗል። ይኸው ባትሪ ቻርጅ አልይዝ ሲል ሶማሌ ተራ «አዲስ ግዙ» ተባልን። ገንዘቡ ግን የጎረቤት መዋጮ፣ አማና ነው። ሻጭ ሁሉ ያታልላል አላልንም፤ ሳይለኩ ግዙ ማለት ግን አይዋጥልንም።

እዚሁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቴስተር ተዋስን። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ከፊት ባትሪ ላይ 14 ቮልት፣ ከኋላው 12.5 ብቻ። ስለዚህ ዲናሞው ደህና ነው፤ ፊውዙም አልተቃጠለም። ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፦ ሽቦው ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ቮልቱን ያስቀራል፤ ሻንሲው ላይ የታሰረው የኔጌቲቭ ጫፍም ዝጓል። ዝገቱ ተፋቀ፤ ወፍራም ሽቦ ተዘረጋ፤ ከፊት ባትሪ አጠገብ ለሽቦው የሚመጥን ፊውዝ ገባ። ኋላው 13.8 አሳየ፤ አልሐምዱሊላህ!

ሞተር ሲጠፋ ማጉያው የፊቱን ባትሪ እንዳይጨርስ ደግሞ ሁለቱን የሚለያይ ሪሌ ይቀረናል።