እጣቢም ውሃ ነው

ተወልጄ ያደግሁት መካነ ብርሃን ነው። በልጅነቴ ከምንጭ ውሃ እየቀዳሁ እንስራ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን እወጣ ነበር። እናቴ እህል የታጠበበትን ውሃ እንኳ ዝም ብላ አትደፋም፤ ጓሮ ወስዳ ጎመኑን ታጠጣበታለች። ዛሬ የምኖረው ደባርቅ ነው። ቧንቧ አለን፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። በጠፋ ሰሞን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት በፊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። አንድ ጠዋት ረፍዶባት ስታለቅስ አየኋትና አንጀቴ ተላወሰ።

«የእናቴን ብልሃት ረስቼ ነው» አልኩና የልብስ እጣቢውን በሙሉ ለጎመኑ አጠጣሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ዳር ዳሩም እሳት እንደነካው ደረቀ። ለካ እናቴ ልብስ የምታጥበው በእንዶድ ነበር፤ እኔ የደፋሁት ግን ኦሞ ነው።

ኦማን ቦቴ የሚነዳው ልጄ ሲደውል አጫወትኩት። ከት ብሎ ሳቀና፣ «እማዬ፣ እዚህም ያለው ጣጣ ይኸው ነው» አለኝ።

ነዳጅ ብቻውን አይወጣም አለኝ፤ ከመሬት ሥር ጨዋማ ውሃ አብሮት ይመጣል። ኒምር በሚባለው የነዳጅ ስፍራ ለ1 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ወደ 10 በርሜል የሚጠጋ ውሃ ይወጣል። ድሮ ይህንን ውሃ በብዙ ኃይል እየገፉ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይመልሱት ነበር። አሁን መጀመሪያ ዘይቱን ይለዩለታል፤ ከዚያ ሸምበቆ በተተከለበት ሰፊ ረግረግ ላይ በቁልቁለት ይለቁታል። በሸምበቆው ሥር ያሉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የተረፈውን ዘይት ይበሉታል። በቀን ከ100 ሺህ ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ በዚህ መንገድ ይጣራል።

«ታዲያ ይጠጣል?» አልኩት።

«ኧረ እማዬ! ጨው እንዳለበት ነው። ጨው ለሚችል ተክል ግን ይሞከራል።» በአሜሪካ ቴክሳስም ከጉድጓድ የወጣውን ውሃ አክመው ለሚቀጥለው ጉድጓድ ሥራ እንደሚያውሉትና ያን ያህል ንጹሕ ውሃ እንደሚተርፍ ነገረኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩበት። የእኔ ጥፋት እጣቢውን መልሼ መጠቀሜ አልነበረም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ መድፋቴ ነው። አሁን ሦስት ባልዲ ለይቻለሁ። ድንችና ጎመን የታጠበበት ውሃ ለጓሮ ይሄዳል። የልብሱ የመጨረሻ እጣቢ ለቀጣዩ ልብስ መዘፍዘፊያ ይቆያል። ኦሞ የበዛበት ደግሞ ወለል ይታጠብበታል፤ መጸዳጃ ቤት ይደፋበታል። ጎመኑ እንደገና አቆጥቁጧል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ተመረቀ ሲባል እንደ ሁሉም ሰው ደስ አለኝ። ወዲያው ግን «አብሮት የሚወጣው ውሃስ ወዴት ይሄድ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሶማሌ ክልል ያለች እናትም እንደኔ ውሃ ፍለጋ የምትልካት ልጅ አላት።

የእኔዋ አሁን የምትመላለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደወሉ ሳይደወል ትደርሳለች።