«ታች አካባቢ»

በጨዋ አማርኛ ስለ ሴት ልጅ ብልት ማውራት የፈለገ ሰው የሚያገኘው ስም «ሀፍረተ ሥጋ» ነው። ሕመሙ ገና ሳይነገር ስሙ ያሳፍራል። ስለዚህ አብዛኞቻችን «ማህፀኔን አመመኝ» እንላለን። ሲያሳክክም ማህፀን፣ ሲያብጥም ማህፀን! ማህፀን ግን ውስጥ ነው ያለው። ሐኪሙም የተነገረውን ይዞ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

አክስቴ ስድስት ዓመት እንዲህ ተንከራታለች። በልጅነቷ የተገረዘችበት ጠባሳ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣች፤ ቀስ እያለች ሎሚ አከለች። ጠበል ተጠመቀች፤ ሁለት ክሊኒክ ሄዳ በሁለቱም «ማህፀኔን» ብላ ክኒን ይዛ ተመለሰች። ለእኔ የነገረችኝ መቀመጥ ሲያቅታት ነው፤ ያውም መብራቱን አስጠፍታኝ። «ካንሰር ነው ልጄ፤ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እንዲሁ ልሙት» አለችኝ።

ካንሰር አልነበረም። ሲገረዙ የላይኛው ቆዳ ሽራፊ ከጠባሳው ሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። የተቀበረው ቆዳ ሥራውን አያቆምም፤ የሚያራግፈው ነገር መውጫ ስለሌለው ይጠራቀምና ከረጢት ይሠራል። ዓመታት ቆይቶ ነው የሚታየው። አክስቴ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ናሙናው ተመረመረ፣ አለቀ። ግርዛት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ስንቷ መብራት አጥፍታ ተቀምጣ ይሆን?

ወጣቶቹን በብዛት የሚያስደነግጠው ደግሞ ሌላ ነው። ከብልት መግቢያ ግራና ቀኝ ባርቶሊን የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ የአንዱ ቱቦ ሲደፈን ያብጣል። ብዙ ጊዜ አያምም። መግል ከያዘ ግን መራመድም ያስቸግራልና መከፈት አለበት (በሐኪም እንጂ በጥፍር አይደለም!)። ከ40 ዓመት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ አዲስ እብጠት ከወጣ ግን ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።

እውነተኛው ካንሰር ብዙ ጊዜ እንደ አክስቴ እብጠት በግልጽ አይመጣም። የሚጀምረው በማሳከክ ነው። የማይለቅ ማሳከክ፣ የነጣ ወይም የቀላ ቆዳ፣ የማይድን ቁስል። አንዳንዱ ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ይመጣል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበረታል። ሌላው በዕድሜ የገፉትን ሴቶች ቆዳ ከሚያነጣና ከሚያሳሳ የቆየ በሽታ ላይ ይነሳል። የኤች ፒ ቪ ክትባት ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ትልልቆቹ አመለጠን። ካንሰሩ ገና በትንሹ ከተያዘ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ወደ ብሽሽት ዕጢዎች ከደረሰ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ያ ሁሉ ጊዜ የሚባክነው ደግሞ ከፋርማሲ ቅባት በመቀያየር ነው።

ወር ሙሉ አልለቅ ያለ ማሳከክ ወይም ቁስል ካለ ቅባቱን ትታችሁ «ታይቶ ናሙና ይወሰድልኝ» በሉ። ቃሉ አልወጣ ካላችሁ በጣት ማሳየት ይቻላል፤ የማህፀን ሐኪም እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ሲያይ አይውልም።