እናቱን ሆቴል ጋብዞ በእናቱ ያፈረው ወንድሜ

ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ ሰው ትልቅ ሆቴል ገብቶ የሚበላው ምግብ ነው ወይስ ይሉኝታ? ጥያቄው ቀልድ አይምሰላችሁ። ቤቱ ሁለት እንጀራ ሳይተነፍስ የሚጨርስ ጎበዝ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ጥቂት ነካ ነካ አድርጎ «በቃኝ» ሲል ስንቴ አይተናል! ሹካው በየትኛው እጅ ይያዝ? አጥንቱስ ይጋጥ ወይስ ይተው? በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሃል ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሂሳቡ ግን አይቀዘቅዝም!

ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የደረሰው በእኔው ቤተሰብ ላይ ነው። የምንኖረው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። እናታችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው። ከሃያ ዓመት በላይ አገር አብልታለች። እሷ ግን አንድም ቀን ሆቴል ተቀምጣ «ምን ልታዘዝ?» ተብላ አታውቅም። በእሷ የወጣትነት ዘመን ሴት ልጅ ቡና ቤት ገብታ ስትበላ ከታየች ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው እሷን ነበር። ይህ ነገር ከልቧ አልወጣም።

ታናሽ ወንድሜ ተምሮ ጥሩ ሥራ ያዘ፤ ከአንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ጋርም ተጫጩ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ እናቶች ይተዋወቁ ተባለ። እኔ ቤት ዶሮ ይሠራ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ቤታችን ጠባብ ነው፣ ሰው ፊት ያሳፍራል» ብሎ ሐይቁ ዳር ካሉት ደህና ደህና ቤቶች አንዱን መረጠ። የቤቱን ስም አልጠራም። ከረባት ታሰሩ የማይባልበት፣ ግን ገና ሲገቡ ዋጋው ከወንበሩ የሚታወቅ ዓይነት ነው። በዚያ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የሜክሲኮ ምግብ ነበር የሚቀርበው።

እማዬ ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ሜክሲኮ? ለእራት ብለን አዲስ አበባ ድረስ ልንሄድ ነው እንዴ!»

በሳቅ ሞትን። ለካስ እሷ የምታውቀው ሜክሲኮ አደባባዩን ነው። ይሁንና የእማዬ ሜክሲኮም ያለ ምክንያት አልተሰየመም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ ብዙዎቹ ኃያላን አይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ወረራውን ፈጽሞ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። የእነሱ ዋና ከተማ ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አላት፤ በ1972 ዓ.ም. የተከፈተ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ዝምድና ያለው አገር ምግብ ለእናቴ ባዕድ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል?

ቅዳሜ ማታ በባጃጅ ሄድን። እማዬ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አምሮባታል። በሩ ላይ ስንደርስ ወንድሜ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና «እማዬ፣ እባክሽ በእጅሽ እንዳትበዪ። እንደሚያደርጉት አይተሽ አድርጊ» አላት። በጆሮዬ ሰማሁት። እሷ ምንም አልመለሰችም፤ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች።

ምግቡ መጣ። በጋለ ብረት ላይ እየተንጫጫ የሚቀርብ ሥጋ በቃሪያና በሽንኩርት አለ። ፋሂታ ይሉታል፤ ልክ እንደኛ ሸክላ ጥብስ ነው። ታኮ የሚባል የታጠፈ ቂጣም አለ። የተፈጨ አቮካዶ በሎሚ፣ የተከተፈ ቲማቲም በቃሪያ፣ የተቀቀለ ቦሎቄም ቀረበ። ሁሉም ሹካና ቢላውን አነሳ። እማዬ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

«ብዪ እንጂ እማዬ» አልኳት።

«ጠግቤያለሁ ልጄ፤ ከቤት ቀማምሼ ነው የመጣሁት።»

አዬ እናት! ይህን «ጠግቤያለሁ» የማያውቅ ልጅ አለ? ድሮ ምግቡ ለሁላችን ሳይበቃ ሲቀር የምትለን ይህንኑ ነበር። በዚያን ዕለት ከጠዋቱ ቡና በቀር አንዳች እንዳልቀመሰች አውቃለሁ። ወንድሜም ያውቃል። ግን ዝም አለ።

እኔ አስተናጋጁን ጠራሁና ጮክ ብዬ «ወንድሜ፣ ይሄ ምግብ በአገሩ እንዴት ነው የሚበላው?» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ወዲያው ገባው። ወደ እማዬ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይሄ በእጅ ካልተበላ አይጣፍጥም። ታኮ በሹካ ከነኩት ይበታተናል። የእጅ ውሃ ላምጣልዎ?» አላት። አመጣላት፤ ታጠበች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ምን ልበላችሁ! ቂጣውን አነሳች፤ ግን አልጎረሰችም። ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው፣ በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ጠርዙን ቆረሰች። «የበቆሎ ቂጣ አይደል እንዴ! ጥሩ ነው፤ ግን ምጣዱ በደንብ ሳይሰማ ነው የጣሉት» አለች። አስተናጋጁ ስቆ ሄዶ ለወጥ ቤቱ ነገረ። ትንሽ ቆይቶ ምግብ አብሳዩ ራሱ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ መጣና «እውነትዎን ነው እናቴ፣ ስለተጣደፍን ነው» ብሎ አዲስ የተጋገረ አቀረበላት። የእጮኛው እናትም ሹካቸውን ቁጭ አድርገው «ተመስገን! እኔም እኮ ይሄ ሹካ ጭንቅ ሆኖብኝ ነበር» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ሁለቱ እናቶች ስለ እርሾ፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲጫወቱ አመሹ።

እውነቱን ለመናገር ለእማዬ እንግዳ የሆነ ነገር ገበታው ላይ አልነበረም። በቆሎን ከዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ሣር ወደ እህልነት የለወጡት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው። በርበሬና ቃሪያችንም፣ ያለነሱ ወጥ መሥራት የማናስበው ማለት ነው፣ ዘራቸው የመጣው ከዚያው አህጉር ነው። ቲማቲም ስሙ ራሱ «ቶማትል» ከሚለው የቀደምት ሜክሲኮዎች ቃል የወጣ ነው። የሲዳማ ጓሮ ሁሉ የሚያውቀው አቮካዶም መነሻው ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። እነሱም በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለውና ፈጭተው፣ «ኮማል» በሚሉት ምጣድ ላይ ነው ቂጣ የሚጋግሩት፤ ጥንት ኮማሉ የሸክላ ነበር። ታዲያ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ለዚህ ምግብ ከእናቴ የቀረበ ዘመድ ማን ነበር?

ወንድሜ ግን ማታውን ሙሉ ቀና ብሎ አላያትም። ነገሩን እጮኛው ልብ ብላ ኖሯል። በማግስቱ እንዲህ አለችው፤ «በር ላይ ለእናትህ ያልካትን ሰምቻለሁ። ዛሬ በእናትህ እጅ ካፈርክ፣ ነገ እኔ ስታመም ወይ ስከሳ በእኔም ታፍራለህ። ሽማግሌውን ለጊዜው አቆየው።» ልጁ ደነገጠ። ለእኔ መጥቶ «አንቺ አስታርቂኝ» አለኝ። «መታረቅ ያለብህ ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃለህ» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ቤት መጥቶ እማዬ እግር ላይ ወደቀ። እሷ አነሳችውና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «እኔኮ የከፋኝ በእጄ አትብዪ ስላልከኝ አይደለም። እጄን ስታየው ምን እንደታየህ ስላላወቅኩ ነው። ያሳደገህ እሱ ነው።» ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሽማግሌውም ከሁለት ወር በኋላ ተላከ፤ ዛሬ በሰላም ይኖራሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ወላጆቻችሁን ወይም አማቶቻችሁን ደህና ቤት ለመጋበዝ ካሰባችሁ የእኔን ምክር ስሙ።

አንደኛ፣ ቀኑን እነሱን ጠይቁና ምረጡ። የሚጾም ሰው ረቡዕና ዓርብ ተጋብዞ ሰላጣ ቢቆረጥም ግብዣ አይባልም። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ከተቀመጡ ደግሞ የሥጋውን እርድ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። እኛ ሀዋሳዎች ዕድለኞች ነን፤ ዓሣ እርድ ስለማይጠይቅ በፍስክ ቀን ሁሉንም ያስማማል።

ሁለተኛ፣ ሂሳቡን ቀድማችሁ አስሉ። ሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የምትጻፈውን አንብቡ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራሉ። ሁለቱም በዋጋው ውስጥ ካልተካተቱ፣ ሜኑው ላይ 1,000 ብር ያያችሁት ምግብ 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። እናት ፊት ከአስተናጋጅ ጋር መከራከር የበላችውን መርዝ ያደርግባታል።

ሦስተኛ፣ የጋራ ምግብ እዘዙ። ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ታቅፎ ሲቀመጥ እንግዳው ብቸኛ ይሆናል። ሲዳማ በፍቼ ጨምበላላ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡሪሳሜ ተከብቦ ሲበላ አይታችሁ የለም? ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብም በ2003 ዓ.ም. ተመዝግቧል፤ እሱም አብሮ የሚበላ፣ እጅ የሚያርፍበት ምግብ ነው።

አራተኛና ዋናው፣ የእጅ ውሃ ለመጠየቅ አትፈሩ። አሞራ ገደል የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በእጃችን እያጣጣምን ስንበላ ማን አፍሮ ያውቃል? ያው የሀዋሳ ሐይቅ ነው፤ ወንበሩ ስለተለወጠ እጃችን አይረክስም። ጨዋ ቤት እንግዳውን ያስተናግዳል እንጂ አይፈትንም። እናታችሁን «ጠግቤያለሁ» የሚያሰኛት ቤት ከሆነ ግን፣ ኮከቡ ስንትም ይሁን፣ ሂሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡና ቤታችሁ ሽሮ አብሏት።

ቸር ይግጠመን!